ወረታ ላይ የሚጣለው፣ ባሕር ዳር ላይ የሚወደደው ሽንኩርት፦ ጥፋቱ የማን ነው? (የውይይት ክር፣ 23 ምላሾች)

የመነሻ ጽሑፌ ረዥም አልነበረም። አጎቴ ፎገራ ላይ፣ በወረታ አካባቢ፣ በግማሽ ሄክታር ያመረተውን ቀይ ሽንኩርት መጋቢት ውስጥ የሸጠበትን ዋጋና በዚያው ሳምንት እኔ ባሕር ዳር ሰፈራችን ካለው ጉልት የገዛሁበትን ዋጋ ጎን ለጎን አስቀመጥሁ። እኔ ለአንድ ኪሎ በከፈልሁት ገንዘብ ከእሱ ማሳ ከሦስት ኪሎ በላይ ይገዛ እንደነበር ካሰላሁ በኋላ፣ 60 ኪሎ ሜትር ገደማ በሆነ የአስፋልት መንገድ ላይ ይህ ሁሉ ልዩነት ማን ኪስ ውስጥ እንደሚገባ ጠየቅሁ።

ጥያቄው ግን የየዋህ ጥያቄ አልነበረም፤ መልሱን አብሬ ጽፌው ነበር። በሽያጩ ቀን ማሳው ዳር ቆሜ አይቻለሁ። ሽንኩርቱ ጠዋት ተነቅሎ፣ አፈሩ ገና ሳይረግፍለት፣ በራሱ ቅጠል ተሸፍኖ ተከምሯል። ጆንያው ከአፉ በላይ ጉብ እስኪል ድረስ ይሞላና በሲባጎ ይሰፋል፤ ሚዛኑ ከግራር ቅርንጫፍ ላይ ተንጠልጥሏል፤ አይሱዙው መንገድ ዳር ሞተሩን ሳያጠፋ ይጠብቃል። ደላላው ስልኩን በጆሮውና በትከሻው መካከል ይዞ በአንድ እጁ ይጽፋል፣ በሌላው ጆንያ ይቆጥራል። አጎቴ ስለ ዋጋው አንድ ጊዜ ብቻ ተከራከረ፤ ሰውየው መልስ ሳይሰጠው ወደ ጎረቤት ማሳ ፊቱን ሲያዞር አጎቴ ተስማማ። እኔም ይህን ጽፌ፣ ገበሬውን የሚበላው ደላላ ነው ብዬ ዘጋሁት። ክሩ አሁን 23ኛው ምላሽ ላይ ደርሷል። ሁሉንም አንብቦ ለመጨረስ ጊዜ ለሌለው ሰው፣ ማን ምን እንዳለ የተረዳሁትን ያህል በራሴ አነጋገር አስፍሬዋለሁ፤ የማንንም ስም አላነሣሁም።

በ1ኛው ምላሽ አንዲት የቤት እመቤት ስለ ጽሑፉ በትሕትና ካመሰገነች በኋላ፣ እሷን የሚያስጨንቃት የመጋቢት ዋጋ ሳይሆን የነሐሴና የመስከረም ዋጋ እንደሆነ ገለጸች፤ በክረምት ሽንኩርት በኪሎ መግዛቷን ትታ በፍሬ ቆጥራ እንደምትገዛም ጨመረች። ከመጀመሪያው ምላሽ የምንፈልገው ፍንጭ ተሰጥቶን ነበር፤ እኔን ጨምሮ ማንም ልብ አላለውም።

2ኛው መልስ ሰጪ መምህር ነው። ሙሉ በሙሉ ከእኔ ጋር ተስማምቶ፣ መፍትሔውን በሁለት ነገር አጠቃለለው፤ አንደኛው መጋቢ መንገድ፣ ሁለተኛው የዋጋ መረጃ በስልክ ማድረስ። አርሶ አደሩ የአዲስ አበባን ዋጋ ቢያውቅ ኖሮ አይታለልም ነበር የሚለው ሐሳቡ በብዙ ሰው ተወደደለት።

3ኛውን ምላሽ የጻፈው ወረታ ላይ የሩዝ መፈልፈያ ወፍጮ ያለው ሰው ሲሆን፣ መምህሩን በጨዋ ቋንቋ ነገር ግን ያለ ርኅራኄ አረመው። ወረታ ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር የሚወስደው መንገድና ወደ ደብረ ታቦርና ወልድያ የሚታጠፈው መንገድ የሚለያዩበት ከተማ ነው፤ መኪና ጠፍቶበት አያውቅም። የአዲስ አበባን የአትክልት ተራ ዋጋ ደግሞ ገበሬው በዚያው ጠዋት በስልክ ይሰማዋል፤ አውቆት ነው የሚሸጠው። ችግሩ እንደ እሱ አነጋገር ቀኑ ነው። ሩዝ ከማሳ የሚነሣው በኅዳርና በታኅሣሥ ነው፤ ሩዙ ሲነሣ ሁሉም በአንድ ሳምንት ሞተር ተከራይቶ ከጉማራና ከርብ ወንዞች ውኃ ይስባል፣ ሁሉም በአንድ ሳምንት ችግኝ ያዛውራል፣ ስለዚህም ሁሉም በአንድ ሳምንት ይነቅላል። የነቀለው ሁሉ ደግሞ የቤንዚን፣ የማዳበሪያና የቀን ሠራተኛ ዕዳ አለበት፤ አበዳሪውም የሚጠብቀው ያንኑ ሳምንት ነው። ስለ ሩዝም ጨመረልን፤ ሳይታጨድ ቆይቶ ከመጠን በላይ የደረቀ ሩዝ ወፍጮው ውስጥ ይሰባበራል፣ የተሰባበረውም ሱቅ መደርደሪያ ላይ ከውጭ ከመጣው ጋር መወዳደር አቅቶት ከጤፍ ጋር ተደባልቆ ለእንጀራ ይሄዳል። ዋጋ የሚወሰነው ገበያ ላይ ነው ብሎ የሚያስብ ሰው፣ አብዛኛው ዋጋ ማሳ ውስጥ ተወስኖ እንደሚመጣ አያውቅም ሲል አሳረገ። ይህ ዐረፍተ ነገር ለእኔ የተላከ ይመስለኛል።

4ኛው ምላሽ ከዚህ ተነሥቶ መፍትሔ አመጣ። ጸሐፊው ለእህል ነቀዝ መከላከያ የሚሸጠውን አየር የማያስገባ ባለ ሦስት ድርብ ከረጢት አስታውሶ፣ ለበቆሎ ይህን ያህል ከጠቀመ ለሽንኩርትም ይሁን አለ። 5ኛው ምላሽ የመጣው በደቂቃዎች ውስጥ ሲሆን፣ የክሩ የመጀመሪያ ሻካራ ቃል የተሰማውም እዚህ ላይ ነው። ከረጢቱ ነቀዝን የሚገድለው አየር ከልክሎ ነው፤ በቆሎ ደርቆ የሚገባ ፍሬ ስለሆነ ይችለዋል፣ ሽንኩርት ግን ከ100 እጅ 89 ያህሉ ውኃ የሆነ፣ ከተነቀለም በኋላ የሚተነፍስ ነገር ነው። እዚያ ውስጥ የታሰረ ሽንኩርት በሳምንቱ ሲከፈት ሽታው ጎረቤት ይጠራል። እርማቱ ትክክል ነበር፤ ጸሐፊው የ4ኛውን መልስ ሰጪ የትምህርት ደረጃ መጠየቁ ግን አላስፈለገም።

ክሩን ከደላላ ወደ ማሳ ያዞረው 6ኛው ምላሽ ነው። የጻፈችው በባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ዘንዘልማ ግቢ ግብርና የተማረች ባለሙያ ስትሆን፣ መጀመሪያ ያደረገችው እኔ ስለ አጎቴ ማሳ ከጻፍሁት ውስጥ አንድ ቃል መምዘዝ ነበር። ሽንኩርቱ በራሱ ቅጠል ተሸፍኖ ነበር ማለቴን ይዛ፣ ቅጠሉ አረንጓዴ ነበር ወይስ የወደቀ ስትል ጠየቀች። አረንጓዴ እንደነበር መለስሁላት። እንግዲያው ያ ሽንኩርት ከተነቀለበት ቀን ጀምሮ መቆየት የማይችል ነበር ብላ ምክንያቱን ዘረዘረች። ዩሪያ የሚባለው ማዳበሪያ ከ100 እጅ 46 ቅጠል የሚያበዛው ናይትሮጅን ነው። ሁለተኛው ዙር ዩሪያ ችግኙ ከተዛወረ ከአንድ ወር ተኩል በላይ ዘግይቶ ከተጨመረ፣ ተክሉ ራሱን ሰብስቦ ወደ እንቅልፍ መሄድ ሲገባው ቅጠል ማውጣቱን ይቀጥላል፤ አንገቱ ይወፍራል፣ ክፍት ሆኖ ይቀራል፣ ሻጋታም በዚያ ይገባል። በዚህ ላይ ክብደት እንዲጨምር እስከ ዋዜማው ድረስ ውኃ ይጠጣል። በአግባቡ የሚጠብቅ ገበሬ ግን የሚበዛው ተክል ቅጠሉ አንገቱ ላይ ታጥፎ እስኪወድቅ ይታገሣል፣ ከመንቀሉ ሁለት ሳምንት ገደማ በፊት ውኃ ያቆማል፣ ከነቀለም በኋላ የላይኛው ቅርፊት በእጅ ሲታሽ ኮሽ እስኪል ድረስ ነፋስ በሚያገኘው ጥላ ሥር ያደርቀዋል። ከዚያ በኋላ ከመሬት ከፍ ባለ ቆጥ ላይ፣ ሳይከመር፣ በጆንያ ሳይታሰር ከተዘረጋ ለሳምንታት፣ እንደ አየሩም ለሁለት ወር ያህል ይቆያል። መሬቱን በየዓመቱ ሩዝና ሽንኩርት ብቻ ከማፈራረቅም፣ አንዱን ዓመት ከሩዝ በኋላ በቀሪው እርጥበት ሽምብራ ቢዘሩበት የዩሪያው ፍላጎት እንደሚቀንስ አክላለች።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ጣልቃ ላስገባ። በእኛ አገር ማዳበሪያ ማለት ሁለት ነገር ነው፤ ማሳ ላይ የሚበተነውም ማዳበሪያ ነው፣ እሱ የመጣበት የፕላስቲክ ጆንያም ማዳበሪያ ይባላል። የአጎቴን ሽንኩርት የመጀመሪያው ከውስጥ ሲያበላሸው ሁለተኛው ከውጭ አፍኖ ይጨርሰዋል ማለት ነው። ይህን በክሩ ላይ ጽፌ ሦስት ሰው ብቻ ሳቀልኝ።

7ኛው ምላሽ የሳቀ ሰው አልጻፈውም። ራሱን የፎገራ ጎረቤት ከሆነው የሊቦ ከምከም ወረዳ ገበሬ ልጅ ብሎ ያስተዋወቀው ወጣት፣ ባለሙያዋ ያለችው ሁሉ በሠርቶ ማሳያ ላይ እውነት ቢሆንም በአባቱ ማሳ ላይ ኪሳራ እንደሆነ በቁጣ አስረዳ። ደላላው የሚገዛው በኪሎ ነው። አንገቱ ወፍራም ይሁን ቀጭን ጎንበስ ብሎ አያይም። ውኃ በጊዜ ያቆመ ገበሬ የደረቀውን ያህል ክብደት አጥቶ፣ ውኃ ጠጥቶ ካደረ ጎረቤቱ ጋር በአንድ ዋጋ ይሸጣል። ታዲያ ዩሪያውን የሚቀንሰው ለማን ብሎ ነው? አባቱ ሞኝ አለመሆኑን፣ ገበያው የሚከፍለውን ነገር እያመረተ መሆኑን ደጋግሞ ጻፈ። ባለሙያዋም ዝም አላለችም፤ ትክክል መሆኑን አምና፣ ይህን ጉዳይ በሥልጠና ላይ ያነሣላት ሰው ስላልነበረ ራሷም እንዳላሰበችበት ገለጸች። በዚህ ክር ውስጥ ተሳስቼ ነበር ከማለት ያልሸሸች የመጀመሪያዋ ሰው እሷ ናት፤ ሁለተኛው ሰው መሆን ለእኔ ብዙ ምላሽ ፈጅቶብኛል።

በ8ኛው ምላሽ ያልተጠበቀ ሰው ገባ። ደላላ ነው፤ ደላላ መሆኑንም በመጀመሪያው መስመር ተናገረ። ምላሹ የክሩ ረዥሙ ስለሆነ አሳጥሬ ላቅርበው። ገንዘቡ የእሱ እንዳልሆነ፣ አዲስ አበባ ያለው ነጋዴ ልኮለት እሱ በኪሎ ኮሚሽን እንደሚያገኝ ገለጸ። መንገድ ተዘግቶ ጭነት ሁለት ቀን ፀሐይ ላይ ከቆመ ከታች ያለው ጆንያ ውኃ ማንጠብጠብ ይጀምራል፤ ያን ጊዜ ነጋዴው ስልክ የሚደውለው ለገበሬው ሳይሆን ለእሱ ነው። ጆንያ ሲፈታ ከላይና ከታች ጉልበታም ሽንኩርት፣ ከመሐል እንክርዳድ የሚያህል ጥቃቅንና ጓል አፈር እንደሚያገኝ፣ ይህን ግን ማንም የመድረክ ጸሐፊ እንደማያነሣው በምሬት አስታወሰ። የገበሬዎቹ ኅብረት ሥራ ማኅበር ለገበሬው ገንዘብ ለመክፈል ሳምንታት ሲወስድ እሱ ማሳው ላይ ቆሞ በጥሬው እንደሚከፍልም ጨመረ። ከሁሉ ይበልጥ ያስገረመኝ ግን መጨረሻ ላይ ያለው ነው፤ አንገቱ የደረቀ ሽንኩርት ያቀረበለት ቢኖር ለሩቅ መንገድ ቀድሞ የሚጭነው ያንን እንደነበር፣ ነገር ግን በሠራባቸው ዓመታት ለይቶ አድርቆ ያቀረበለት ሰው እንዳላጋጠመው ጻፈ። ገበሬው የሚገዛኝ የለም ብሎ አያደርቅም፣ ደላላው የሚያደርቅልኝ የለም ብሎ አይጠይቅም፤ ሁለቱ በአንድ ማሳ ዳር ቆመው ለዓመታት ሳይነጋገሩበት ኖረዋል።

ከ9ኛው እስከ 11ኛው ያለው ስድብ ነው ማለት ይቻላል። ከስድቡ መሐል የሚወሰድ አንድ ቁም ነገር ቢኖር የሚዛኑ ጉዳይ ነው። 9ኛው ጸሐፊ ለጆንያና ለአፈር ቅናሽ እየተባለ ከየኩንታሉ የሚነሣው ኪሎ ከጆንያው እውነተኛ ክብደት ጋር ምን እንደሚያገናኘው ጠየቀ፤ ባዶ የፕላስቲክ ጆንያ አንድ ኪሎ እንኳ አይሞላምና። ደላላው ቅናሹ ለአፈሩ መሆኑን መለሰ፤ ገበሬው አፈር የሚጨምረው ቅናሹን ለማካካስ እንደሆነ ሌላው መለሰ። ዶሮ ቀደመ እንቁላል ዓይነት ክርክር ሆነና 11ኛው ላይ የሊቦው ወጣት ደላላውን አንተ ሌባ ብሎት አረፈው።

12ኛው ምላሽ የተግሣጽ ነው። ከ30 ዓመት በላይ በኅብረት ሥራ ማደራጃ ሠርተው ጡረታ የወጡ አባት፣ ወጣቱ ለማያውቀው፣ ምናልባትም በዕድሜ አባቱ ለሚሆን ሰው እንዲህ መጻፍ እንደማይገባው በለሆሳስ ነገሩት። ወጣቱ ይቅርታ ጠየቀ፤ ደላላው ገና 34 ዓመቱ እንደሆነ ሲናገር የተሳታፊው ቁጣ ትንሽ በረድ አለ። በ13ኛው ምላሻቸው ደግሞ እኚሁ አባት ማኅበሩ ለምን ደላላውን መተካት እንዳቃተው ለማስረዳት ወደ ኋላ ሄዱ። ሩዝ ራሱ ወደ ፎገራ ሜዳ የገባው በደርግ ዘመን በሰሜን ኮሪያ ባለሙያዎች እገዛ፣ በአምራቾች ኅብረት ሥራ ማኅበራት በኩል ነበር፤ ኤክስ-ጅግና የሚባለው ዝርያም እስከ ዛሬ ድረስ ሜዳውን አልለቀቀም። ዘሩ ሜዳው ላይ ሲቀር ማኅበራቱ ግን ፈረሱ፤ ምክንያቱም ገበሬው ማኅበርን የሚያስታውሰው በተወሰነ ዋጋ እህል አስገባ ከተባለበት የኮታ ዘመን ጋር ነው። ከዚያ በኋላ አዋጅ ቁጥር 147/1991፣ በኋላም እሱን የተካው አዋጅ ቁጥር 985/2009 ማኅበርን በፈቃደኝነት ላይ የቆመ የአባላት ንብረት አድርገው ደንግገዋል። ሆኖም በብዙ ቀበሌ ማኅበር ማለት አሁንም ዓመት ጠብቆ ማዳበሪያ የሚታደልበት መጋዘን ነው፤ ምርት የሚገዛበት ጥሬ ገንዘብ በበቂ ሁኔታ ስለሌለው፣ የሚበላሽ ነገር ለመግዛት ድፍረቱም ስለሌለው፣ ጤፍና በቆሎ ላይ ይቆማል። እሳቸው ለሽንኩርት ትልቅ ማኅበር አይመክሩም፤ የሚመክሩት አሥር ወይም አሥራ አምስት የሚተዋወቁ ጎረቤታሞች፣ በወንፈል እንደሚረዳዱት ሁሉ፣ በአንድ ቆጥና በአንድ ሚዛን እንዲተባበሩ ነው። ሚዛኑን ገበሬዎቹ ራሳቸው እንዲገዙትም አጥብቀው አሳሰቡ።

ከዚህ በኋላ ውይይቱ ከመስመር ወጣ። ቆጥ የሚለው ቃል ጣና ዳር ካለችው ከዘጌ የሆነ አንድ ሰው ቀሰቀሰና በ14ኛው ምላሽ ቡና ከመሬት ላይ ይልቅ በአልጋ ላይ ሲደርቅ ጣዕሙም ዋጋውም እንዴት እንደሚለይ ተረከ። ከዚያም ዘጌ ላይ ማረስና ከብት ማርባት በጥንቱ ሥርዓት የተከለከለ በመሆኑ ደኑ እንደተረፈ፣ ቡናው፣ ጌሾውና ሎሚው ከአቡነ በትረ ማርያም በትር እንደበቀሉ የሚነገረውን ትውፊት፣ ዛሬ ደግሞ ጫት በየአቅጣጫው እየገባ መሆኑን ጨመረ። 15ኛው ምላሽ ጫት በዓመት ደጋግሞ ተለቅሞ በጥሬ ገንዘብ የሚሸጥ ሰብል ስለሆነ ገበሬውን ደላላ እንደማያስጠብቀው፣ የሚያሸንፈውም በዚህ እንደሆነ አስተዋለ፤ ከርዕሱ የወጣ ቢመስልም ከብዙዎቹ ይልቅ ለርዕሱ የቀረበ አስተያየት ነበር። 16ኛው እምቦጭን አነሣ። እ.ኤ.አ. በ2011 ጣና ላይ መታየቱ ከተመዘገበ ወዲህ የወረረንን አረም ወደ ብስባሽ ማዳበሪያ ብንለውጠው ዩሪያውም ይቀንሳል ሲል ሐሳብ አቀረበ። ባለሙያዋ የእምቦጭ ዘር ለብዙ ዓመታት ሳይሞት መቆየት እንደሚችል አስታውሳ፣ በደንብ ያልበሰለ ብስባሽ መስኖ ማሳ ላይ መበተን አረሙን በእጅ እንደመዝራት ይሆናል በማለት አስጠነቀቀች። 17ኛው ምላሽ ወደ ሽንኩርታችን እንመለስ የሚል የአንድ መስመር ቁጣ ነው።

18ኛው ተመለሰ፤ ሒሳብም ይዞ መጣ። አሥር ኩንታል ሁለት ወር ቢያቆዩ ሁለቱ በመበስበስና በመድረቅ ቢጠፋ፣ ዋጋው ከ100 እጅ 20 ከጨመረ ገበሬው አልከሰረም አለ። በ19ኛው ምላሽ የመፈልፈያ ወፍጮው ባለቤት ተመልሶ ስሌቱን አፈረሰው። የቀሩት ስምንት ኩንታሎች የአሥሩን ዋጋ መሸፈን ካለባቸው ጭማሪው 20 ሳይሆን 25 ከመቶ መሆን አለበት፤ አራት ኩንታል ከጠፋ ደግሞ ወደ 67 ከመቶ ይደርሳል። የለቃሚ ሠራተኛው፣ የቆጡ እንጨትና የብድሩ ወለድ ገና አልገቡም። ስለዚህ ማቆየት የሚያዋጣው ለደረቀ ሽንኩርት ብቻ ነው፤ አረንጓዴ አንገት ያለውን ከማቆየት ግን ደላላውን አመስግኖ መሸጥ ይሻላል። እኔም እዚህ ላይ የመነሻ ጽሑፌን ደግሜ አነበብሁት። አጎቴ በዚያን ቀን ፊቱን ላዞረው ሰው እንቢ ቢለው ኖሮ ምን ሊያደርግ ይችል ነበር? በሳምንቱ የሚበሰብስ ነገር ይዞ እንቢ የሚል የለም። ደላላው ይህን ያውቃል፤ የፈጠረው ግን እሱ አይደለም። ይህንንም በክሩ ላይ ጽፌያለሁ።

በ20ኛው ምላሽ አንድ የብድር ሠራተኛ ሁለት ማነቆዎች አስቀመጠ። የመጋዘን ደረሰኝ ሥርዓት በአዋጅ ቁጥር 372/1996፣ ተንቀሳቃሽ ንብረትን ለብድር ዋስትና ማድረግ ደግሞ በአዋጅ ቁጥር 1147/2011 የተፈቀደ ነው፤ ነገር ግን ሽንኩርትን በዋስትና የሚቀበል መጋዘን ሲሠራ አላየም። ሩዝ ግን ይቆያል፤ ስለዚህ ሽንኩርት እንዲታገሥ ከተፈለገ ዋስ የሚሆነው ጎተራ ያለው ሩዝ ነው። ሁለተኛው ማነቆ ውኃ ነው። ሜዳው ላይ ርብና ጉማራ በክረምት ከአፋቸው ወጥተው ይተኛሉ፤ እ.ኤ.አ. በ2006 የደረሰውን ጎርፍ ያየ ሰው ቆጥን ከአንድ ክንድ ከፍታ በታች አይሠራም። ስለዚህ እስከ ነሐሴ ማቆየት ለሜዳው ሰው ሕልም ነው፤ እስከ ሰኔ መጀመሪያ ማቆየት ግን ይቻላል። የበዓለ ትንሣኤ የዶሮ ወጥ ሽንኩርት ሁልጊዜ ከዚያ በፊት ስለሚፈለግ፣ ሦስትና አራት ሳምንት መታገሥ ብቻውን ብዙ ለውጥ ያመጣል ብሎ ያምናል።

21ኛው ምላሽ የአንዲት የባሕር ዳር ቅዳሜ ገበያ ነጋዴ ነው፤ ልጃቸው እንደጻፈላቸው አስቀድመው ተናገሩ። እኚህ እናት ጆንያ በገዙ ቁጥር መሬት ላይ ሸራ ዘርግተው ሦስት ቦታ ይለያሉ። ጠንካራው ለሆቴልና ለድግስ፣ መካከለኛው ለጉልት፣ የላላው ደግሞ በዚያው ቀን በመደብ በርካሽ። ከአንዱ ጆንያ የሚጣለውን ሲናገሩ ቁጥር አልጠሩም፤ ጠዋት ሲከፍቱት በአውራ ጣታቸው አንገቱን ጫን እንደሚያደርጉና ጣታቸው ከገባ ገና ሳይመዝኑ ኪሳራውን እንደሚያውቁት ነው ያስረዱት። እኔ ጉልት ላይ የከፈልሁት ሦስት እጥፍ ዋጋ ውስጥ የዚያ የተጣለው ሽንኩርት ዋጋ እንዳለበት በትክክል የገባኝ ያኔ ነው። ጣታቸው የማይገባበት ሽንኩርት ለሚያመጣላቸው ሰው ከገበያው ዋጋ ጨምረው እንደሚከፍሉ፣ በሚዛን ቅናሽም እንደማያነሡ ጻፉ።

በ22ኛው ምላሽ የሊቦው ወጣት ተመለሰ። ቁጣው አልቀረም፤ እኚህ እናት ስንት ኩንታል እንደሚፈልጉና ጨምረው የሚከፍሉት ስንት እንደሆነ በጽሑፍ እንዲያስቀምጡ ጠየቀ፤ ቃል ብቻ የሰጡ ሰዎች አባቱን ቀድሞም አስከርመውታል። 23ኛው የእሳቸው መልስ ነው። ገና ያላዩትን ሽንኩርት ዋጋ አይቆርጡም፤ ሁለት ጆንያ ይምጣ፣ ጆንያው ከላይ እስከ ታች አንድ ዓይነት ይሁን፣ በአፉ ሳይታፈን ልል ሆኖ ይሰፋ፣ ከዚያ በጣታቸው አይተው ይነጋገራሉ።

ለአጎቴ ደወልሁለት። የዘንድሮው ማሳ ጫፍ ላይ ዘግይቶ የተተከለ አንድ ጥማድ የማይሞላ ሽንኩርት እንደቀረው፣ ቤንዚን ተወዶበት ውኃ ካቆመ አሥር ቀን እንዳለፈው ነገረኝ፤ ሳያስበው ትክክለኛውን ሠርቷል። ቅጠሉ ወድቋል ወይ ስለው፣ ሄዶ አይቶ ተመልሶ ግማሹ ወድቋል አለኝ። ሁለት ጆንያ በአውቶቡስ ላይ ጭኖ ቅዳሜ እንዲመጣ ለመንሁት። ይመጣል፤ ግን ጫኝና አውራጁን ማን እንደሚከፍል አስቀድሞ ማወቅ ይፈልጋል።